ኮሮና ጉበትንም ይነካል፦ ጾመኛ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

 

በ2012 ዓ.ም. የረመዳን ወር መስጊዶቻችን ተዘግተው ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ረመዳን ገባ። ተራዊሕን በየቤታችን ከልጆቻችን ጋር ሰገድን። በ2013 ዓ.ም. ረመዳን አልሐምዱሊላህ በሮቹ ተከፈቱ። ሰጋጁ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ የራሱን መስገጃ ይዞ፣ ከወንድሙ ራቅ ብሎ ይቆም ነበር። ሆኖም የበሩን መከፈት የበሽታው መጥፋት አድርገን እንዳንወስደው ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው ሕመምተኛ በአገር ደረጃ ከ200 ሺህ አልፎ ነበር። ከዚያ በፊት ያለፉት ሁለት ወራትም እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከሁሉ የከፉት ነበሩ።

ኮሮና ሳንባን እንደሚጎዳ ትንሹም ትልቁም ሰምቷል። ጉበትንም እንደሚነካ፣ በተለይ ቀድሞ የታመመ ጉበት ላይ ሲያርፍ እንደሚከፋ ግን በመንደራችን ብዙ አይወራም። እኛም አናውቅም ነበር። ያወቅነው ከአንድ ወንድማችን ጀናዛ በኋላ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የረጀብ ወር፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስልካችን ጠራ። የደወለችው ከአምቦ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ በምትገኘው በጉደር የምትኖር እህታችን ነበረች። ባለቤቷ እህል ነጋዴ ነው፤ ከጊንጪ እስከ ጌዶ ገበያ ለገበያ ሲመላለስ የሚውል፣ በረጀብና በሻዕባን ጾም የሚያበዛ ደግ ሰው። «ሼኻችን፣ ካተኮሰው ስድስት ቀኑ ነው፤ ያስለዋልም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ኮሮና ነው ብለው ያስቀሩኛል ይላል። ጾሙንም አልፈታም ብሏል። ዛሬ ደግሞ ዓይኑ ቢጫ ሆነብኝ» አለችን።

እኛም «አብሽሪ እህቴ፣ ሰብር አድርጊ» አልናት። ዱዓ አደረግን። ቁርኣን የተቀራበት ውኃ ላክንላት። ጥቁር አዝሙድ በማር አድርጋ እንድትሰጠው ነገርናት። «አሁኑኑ ተነሺና ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ እምቢ ካለም ስልኩን ስጪውና እኛ እናናግረው» ግን አላልናትም። የቢጫ ዓይንን ነገር እንደ ቀላል አለፍነው። ስለ ጾሙም አልጠየቅናትም፤ አልጋ ላይ የወደቀ ሰው የሱና ጾም እንዲጾም ማንም አላዘዘውም ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ መዘባረቅ ሲጀምር ወደ አምቦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ኮሮና ተገኘበት። ሐኪሞቹ ለቤተሰቡ ሌላም ነገር ነገሩ። ጉበቱ ሳይታወቅ ለብዙ ዓመታት በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሲጎዳ ኖሮ ጠባሳ ይዟል። በዚያ ላይ ኮሮና መጣበት። ቀኑን ጾሞ ማታ ማታ ፓራሲታሞል አራት አራት እየዋጠ ሰንብቷል። ለወፍ በሽታ ያሽራል የተባለ፣ ስሙ የማይታወቅ የሥር ዱቄትም ጠጥቷል። በሻዕባን መጀመሪያ ሶላቱል ጀናዛ ሰገድንበት።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ምን ያህል እንደጎዳው ለይተን መናገር አንችልም። አጀል በአላህ እጅ ናት። ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ፈንታ ነበር፤ አላደረስንም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ሌላ ቤት ያንን ስልክ ሲደውል የሚያነሳው ሰው ከእኛ የተሻለ መልስ እንዲሰጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን እየጠየቅን የተማርነውን እነሆ።

ጉበትና ጾመኛው

ጉበት በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን አካል ነው። የሐሞትን ፈሳሽ ያመነጫል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ንጥረ ነገሮች ይሠራል፤ የምንውጠውን መድኃኒትና በሰውነት ውስጥ የሚፈጠረውን መርዝ ያጣራል።

ለጾመኛ ደግሞ ልዩ አገልግሎት አለው። በሱሑር ከበላነው ምግብ የተገኘውን ስኳር ጉበት ያከማቻል። ረፋዱ ላይ ሆዳችን ባዶ ሲሆን ያንን ክምችት ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይለቃል። ከዙህር እስከ ዐስር ሳንወድቅ የምንሠራው፣ ቁርኣን የምንቀራው በዚህ ስንቅ ነው። ጉበቱ በጠባሳ የተያዘ ሰው ግን ማከማቻው ጠቧል። ስንቁ ቶሎ ያልቅበትና ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራል። ጤነኛው የሚጾመውን ቀን እሱ የማይችለው ለዚህ ነው፤ የኢማን ማነስ አይደለም።

ዐረቦች ጉበትን «ከቢድ» ይሉታል። በሐዲስ ቋንቋ ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ «እርጥብ ጉበት ያለው» ተብሎ ተጠርቷል። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ታሪክ ከዚህ ጋር የሚነሳ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እርጥብ ጉበት ላለው ሁሉ በሚደረግ ቸርነት አጅር እንዳለ አስተምረዋል። ለውሻ ጉበት አጅር ካለ፣ ለአባት፣ ለእናት፣ ለራስ ጉበት መጠንቀቅ ምን ያህል አጅር ይኖረው ይሆን?

ኮሮና ጉበት ጋ እንዴት ይደርሳል?

ሐኪሞች የሚያስረዱት በአራት መንገድ ነው።

አንደኛው ቫይረሱ ራሱ ነው። ኮሮና ወደ ሴሎቻችን የሚገባው በላያቸው ላይ ባለ አንድ ዓይነት መቀበያ አማካይነት ነው። ይህ መቀበያ በሳንባ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በጉበት ውስጥ በተለይ በሐሞት ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው የሰውነት የመከላከያ ኃይል ከልክ ሲያልፍ ነው። ቫይረሱን ለመውጋት የተነሳው ሠራዊት የራሱን አገር ያቃጥላል፤ ሳንባ፣ ኩላሊትና ጉበት አብረው ይጎዳሉ።

ሦስተኛው የአየር እጥረት ነው። ሳንባ ሲደክም በደም ውስጥ ያለው ኦክስጂን ይቀንሳል። ጉበት ብዙ ኦክስጂን የሚፈልግ አካል በመሆኑ ይህ ቶሎ ይሰማዋል።

አራተኛው መድኃኒት ነው፤ በሐኪም የታዘዘውም፣ ከሱቅ የተገዛውም፣ ከጓሮ የተቀጠፈውም።

ጉበት መጎዳቱ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ሐኪሞች ኤ.ኤል.ቲ. እና ኤ.ኤስ.ቲ. የሚሏቸው ኢንዛይሞች ከጉበት ሴል እየፈሰሱ በደም ውስጥ ይበዛሉ። በተለያዩ አገሮች በኮሮና ምክንያት ሆስፒታል ከተኙት መካከል ከ100 ሰዎች ከ15 እስከ 50 በሚሆኑት ላይ ይህ ታይቷል። መልካሙ ዜና፣ አብዛኛውን ጊዜ ጭማሪው መጠነኛ መሆኑና በሽተኛው ሲያገግም ወደ ቦታው መመለሱ ነው። ስለዚህ ኮሮና የያዘው ሁሉ ጉበቱ ያልቃል ብለን ሰው አናስደነግጥ።

ነገር ግን አንድ ነጥብ ልብ በሉ። ኮሮና ብቻውን ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ኮሮና የያዘው ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ከበስተኋላ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላልና መመርመር አለበት። እኛ ያን ምሽት ያላወቅነው ይህንን ነው።

ተደብቆ የሚኖረው እንግዳ

በአገራችን የዓይን ቢጫ መሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል። በአፋን ኦሮሞም ስሙን ከወፍ ያገኘ ነው። የሌሊት ወፍ ሽንት ነክቶት ነው የሚሉ አሉ። ሐቁ ግን ቢጫነት የጉበት ወይም የሐሞት መንገድ ሕመም ምልክት መሆኑ ነው። ከመንስኤዎቹ ዋናው በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከ100 ሰዎች 7 ያህሉ ይህ ቫይረስ በደማቸው እንዳለ ያመለክታሉ። አብዛኞቹ አያውቁም፤ አያማቸውምና። ቫይረሱ ለ20 እና ለ30 ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ጉበትን ያጠብሳል።

በዚህ ዓይነት ጉበት ላይ ኮሮና ሲያርፍ ጉዳቱ ይከብዳል። ከ29 አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ኮሮና የያዛቸው 745 የጉበት ሕሙማን ተጠንተው ነበር። ጉበታቸው ጠባሳ ያልያዘው 8 በመቶ ሲሞቱ፣ ጠባሳ የያዘው 32 በመቶ ሞተዋል፤ ከሦስት ሰዎች አንድ ማለት ነው።

የጉደሩ ወንድማችን ካረፈ በኋላ ሐኪሞቹ ሚስቱና ልጆቹ እንዲመረመሩ መከሩ። እናትየው ነጻ ሆና ተገኘች፤ ክትባት እንድትወስድ ተነገራት። የ11 እና የ7 ዓመት ልጆቹም ነጻ ናቸው። የ19 ዓመቱ የበኩር ልጅ ግን ቫይረሱ ተገኘበት።

እናትየው «ምነው ታላቁን ብቻ?» ብላ አለቀሰች። መልሱ በክትባት ካርድ ላይ ነበር። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር ተጣምሮ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት። ሁለቱ ታናናሾች ከዚያ ወዲህ ተወልደው ተከትበዋል። ታላቁ ቀድሞ ተወልዷል። ቫይረሱን በሕፃንነት የተቀበለ ሰው ከ10 ጊዜ በ9ኙ ዕድሜ ልክ ይዞት ይኖራል፤ በጎልማሳነት የያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል።

ስለዚህ እናቶች፣ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ እዩ። ከ1999 በፊት የተወለዳችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ተመርመሩ፤ ከጣት ወይም ከክንድ በምትወሰድ ጥቂት ደም የሚታወቅ ነገር ነው። የተገኘበት ሰው ሁሉ መድኃኒት አይጀምርም፤ ክትትል ግን ሁሉም ያስፈልገዋል። መጀመር ላለበት ቴኖፎቪር የተባለው በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ቫይረሱን አፍኖ ይይዘዋል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ በሽታ የተለየ ክትትል ሲሰጥ ቆይቷል። በእኛ አካባቢም ከአምቦ አጠቃላይ ሆስፒታልና ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ጀምሮ መጠየቅ ይቻላል። በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ ያላችሁ በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጀምሩ።

በኢፍጣርና በሱሑር መካከል የምንውጠው

አሁን ወደ ቤታችን ጓዳ እንግባ።

ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ጥሩ መድኃኒት ነው። ከልኩ ሲያልፍ ግን ጉበትን በቀጥታ ይመርዛል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ክኒን ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ2 ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። በሁለት አወሳሰድ መካከልም ቢያንስ 4 ሰዓት ያስፈልጋል። ሰውነቱ የከሳ፣ ምግብ ያልቀመሰ ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ከዚህም ያነሰ ነው የሚፈቀድለት፤ ሐኪም ይወስንለት። በረመዳን የምናየው ስህተት የቀኑን አጠራቅሞ በኢፍጣር አንድ ላይ መዋጥ ነው። ይህ የተከለከለ ነው። ሌላው ስህተት ደግሞ ለጉንፋን ተብለው የሚሸጡ ብዙ ክኒኖች በውስጣቸው ፓራሲታሞል መኖሩን አለማወቅ ነው። ሰውዬው ሁለት የተለያየ መድኃኒት ወሰድሁ ይላል፤ ጉበቱ ግን የአንዱን እጥፍ ተቀብሏል።

ዴክሳሜታዞን በ2012 ዓ.ም. ስሙ ገንኖ ወጣ። ጥቅሙ የተረጋገጠው በኮሮና ጠንቶባቸው ኦክስጂን ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ነው፤ ያውም በሐኪም እጅ። የመከላከያ ኃይልን ስለሚያስተኛ፣ በደሙ ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን ሰው ቫይረስ ሊቀሰቅስ ይችላል። ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ።

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማርና ሎሚ በምግብ ልክ የቤታችን በረካ ናቸው፤ ጉሮሮን ያለሰልሳሉ። ዳማከሴና ጤና አዳምም አያቶቻችን ለብርድ የኖሩባቸው ናቸው። ጥቁር አዝሙድ በሐዲስ የተወደሰ ነው፤ እኛም እናምንበታለን። ነገር ግን ያንኑ ሐዲስ ያስተላለፉልን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና ፈልጉ ብለውም አዘዋል። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ሱናን መከተል አይሆንም። ከሁሉ የሚያስፈራው ምንነቱ ሳይታወቅ የሚጠጣ የሥርና የቅጠል ዱቄት ነው። ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንድ መንደር ሆድ የሚነፋና ሰው የሚገድል ምንነቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ተነስቶ ነበር። በኋላ ሲጠና ምክንያቱ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ ሆኖ ተገኘ። «ከመሬት የበቀለ ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

ዋግምት ወይም ሒጃማ የሚያደርጉ፣ ለወፍ በሽታ ገላን የሚበጡም አሉ። ምላጩ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ከሆነ ሄፓታይተስ ቢን ያስተላልፋል። ሒጃማ የሚፈልግ በአዲስ ምላጭ፣ ንጹሕ አሠራር ባለበት ቦታ ያድርግ። የጸጉር ቤት ምላጭና የግርዛት ቢላም እንዲሁ ነው።

ጫትን በረመዳን ሌሊት የዒባዳ ስንቅ የሚያደርጉ ወጣቶች አሉን። በሐረር ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ጫት የሚያዘወትሩ ሰዎች ሥር ለሰደደ የጉበት ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ሌሊቱን በቁርኣን ለማንጋት አላህ የሰጠን ኃይል ይበቃል።

የአገራችን ሰው በአምቦ ውኃ ይኮራል፤ እኛም እንኮራለን። ከከባድ ኢፍጣር በኋላ ሆድ ያቀላል ይባልለታል። ጉበት ያጥባል፣ ቢጫ ዓይን ያጠራል የሚለው ግን ወሬ ነው። በአምቦ ውኃ ታምኖ ሐኪም ቤት የዘገየ ሰው ተጎጂ ነው።

ማን ይጹም? ማን ይፍታ?

በሱረቱል በቀራህ፣ በ184ኛውና በ185ኛው አንቀጽ አላህ ለታመመና ለመንገደኛ ጾሙን አንስቶ በሌላ ቀን እንዲያወጡት ፈቅዷል፤ ማግራራትን እንጂ ማስቸገርን እንደማይሻም ገልጿል። ይህን ፈቃድ እንደ ውርደት የሚያይ ሰው ከአላህ ስጦታ ፊቱን እያዞረ ነው።

እንግዲህ በተግባር እንየው። ኮሮና ይዞት የሚያተኩሰው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስመልሰው ሰው ይፍታ፤ ሲድን ቀዷውን ያወጣል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በዚያው ቀን ይፍታና ይታከም። ጉበቱ ጠባሳ የያዘ፣ ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ሐኪም አትጹም ያለው ሰው አይጹም፤ የመዳን ተስፋው ካልታየ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን በማብላት ፊድያ ያወጣል። ሄፓታይተስ ቢ በደሙ ኖሮ ጉበቱ ያልተጎዳ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጾም ይችላል፤ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ቴኖፎቪር የሚወስድም በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት ሳያቋርጥ ይዋጠው። መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ቫይረሱን ያስነሳል።

ለምርመራ ጥቂት ደም መሰጠቱ ጾም አያፈርስም። የኮሮና ክትባትም በጡንቻ ላይ የሚወጋ፣ ምግብም መጠጥም ያልሆነ ስለሆነ ጾምን እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማዎች ተናግረዋል። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን የአስትራዜኔካ ክትባት አገራችን ገብቷል። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት ተጀምሯል። የጉበት ሐኪሞች ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንዲከተቡ ይመክራሉ። «ዒዱ ይለፍ» ብላችሁ አታዘግዩት።

«ቀደር ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ለሚቀመጥ ወንድማችን ደግሞ የኸሊፋ ዑመርን (ረ.ዐ.) ነገር እናስታውሰው። በሒጅራ 18ኛው ዓመት በሻም ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ከተከተሏቸው ሰዎች ጋር ወደዚያ አልገቡም፤ ተመለሱ። ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ ተብለው ሲጠየቁም፣ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄዳቸው እንደሆነ አስረዱ። ሐኪም ቤት መሄድም ቀደር ነው።

በየቤታችሁ እነዚህን ምልክቶች ጠብቁ፦ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ መጥቆር፣ ዓይነ ምድር መንጣት፣ የሆድ መነፋት፣ ደም ማስመለስ ወይም እንደ ጥላሸት የጠቆረ ዓይነ ምድር፣ መዘባረቅ ወይም ከልክ ያለፈ እንቅልፍ። ከትንፋሽ ማጠር እኩል አስቸኳይ ናቸው። ሌሊት ቢሆንም፣ ረመዳን ቢሆንም አትቆዩ። በወረርሽኙ ጊዜ ስለ ኮሮና ለመጠየቅ የ8335 ነጻ መስመር ነበር።

የተለየችው ሳህን

ረመዳን በገባ በሳምንቱ ወደ ጉደር ሄደን ያንን ቤት ጠየቅን። በግቢው ውስጥ፣ ከደጅ፣ ራቅ ራቅ ብለን ተቀመጥን። መግሪብ ሲደርስ እናትየው ለሁላችንም በአንድ ትሪ ቴምርና ሳምቡሳ አቀረበች። ለበኩር ልጇ ግን ለብቻው በትንሽ ሳህን ሰጠችው። ኩባያውም የተለየ ነበር። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

«ምነው ለብቻው?» አልናት።

«ሼኻችን፣ ለታናናሾቹ ብዬ ነው። አባቱን የበላ በሽታ አይደል?» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

እኛም ሐኪሞቹ ያስተማሩንን ነገርናት። ኮሮና በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ለዚህ ነው ተራርቀን ደጅ የተቀመጥነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ነው የሚተላለፈው። በማዕድ፣ በኩባያ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ለልጁ የሚለየው ምላጩና የጥርስ ብሩሹ ወይም መፋቂያው ነው። ሳህኑ አይለይም። ታናናሾቹም ተከትበዋል።

ከዚያም ተነስተን ወደ ልጁ ሄድንና ከሳህኑ አንድ ቴምር አንስተን አፈጠርንበት። ልጁ ቀና ብሎ አየን። «ሼኻችን፣ እርሶ ከኔ ይበላሉ?» አለ። «አባትህ በሕይወት ሳለ ስንት ጊዜ አብልቶናል፤ የሱን ልጅ ቴምር እንዴት አንበላም?» አልነው። እናትየው ሳህኑን አንስታ ያለውን ወደ ትሪው ገለበጠችው።

ለዚያች እህታችን ያን ምሽት በስልክ ሳንነግራት ለቀረነው ነገር ይቅርታ ጠየቅናት። «አፉ ብያለሁ፤ አላህም አፉ ይበላችሁ። ለሌሎች ግን ንገሩ» አለችን። ይኸው ነገርን።

ልጁ በዚያ ረመዳን ጾሙን ጾመ፤ ጉበቱ ገና አልተጎዳም ነበርና ሐኪሙ ፈቅዶለታል። በየስድስት ወሩ ክትትል ይሄዳል። ከመስጊዳችን ጀማዓ ጋር ተነጋግረን የመመላለሻውን ወጪ ከሰደቃ ለመሸፈን ተስማምተናል። እናንተም በየመስጊዳችሁ፣ ለምርመራ ገንዘብ ያጠረውን ጎረቤት ከዘካችሁና ከሰደቃችሁ አስቡት።

አላህ የታመሙትን ይማር፤ የሞቱብንን በጀነት ያኑር፤ ጾማችንን ይቀበለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።